የገመድ አልባ ፓተንት አክሲዮን፦ ርካሽ ነው ወይስ ርካሽ መስሎ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። "የሞባይል ቴክኖሎጂ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይዞ ላይሰንስ፣ ማለትም የመጠቀም ፈቃድ፣ እየሰጠ የሚኖር አንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ዓይኔን ጥያለሁ። ገቢው ባንድ ዓመት ውስጥ በጣም ጨምሯል። ትርፉ ወፍራም ነው፣ ፋብሪካ የለበት፣ መጋዘን የለበት። ፒኢው (የአክሲዮኑ ዋጋ ለዓመቱ ትርፍ ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር) ግን ከሌሎቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በጣም ያንሳል። በዚያ ላይ ከአንድ ትልቅ ስልክ አምራች ጋር ክስ ላይ ነው፣ ያሸንፋልም ይባላል። ገበያው ያላየው ነገር ነው ወይስ እኔ ያላየሁት አለ? ክሱን ካሸነፈስ ዋጋው ይተኮሳል?"

ገበያው አይቶታል። ርካሽ የመሰለህ ያለፈውን ዓመት ትርፍ ይዘህ ስላካፈልክ ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ ያለፈው ዓመት ትርፍ ስለሚመጣው ዓመት የሚነግርህ ትንሽ ነው። ማን ፈርሟል? ውሉ መቼ ያልቃል? ገና ያልፈረመው ማነው? ቁምነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ክሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሥራዬ የላይሰንስ ውሎችን ዋጋ መገመት ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው፣ ታገሰኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ። 3ጂ፣ 4ጂ፣ 5ጂ የምንላቸው ኩባንያዎች ተሰብስበው የተስማሙባቸው የጋራ ደረጃዎች ናቸው። መሐንዲሶች ሐሳብ ያቀርባሉ፣ የተመረጠው ሐሳብ ደረጃው ውስጥ ይገባል፣ ከኋላው ግን ፓተንት አለ። ደረጃውን የሚከተል ስልክ የሚሠራ ሁሉ ያንን ፓተንት ሳይነካ ማለፍ አይችልም። ባለ ፓተንቱ በበኩሉ ለጠየቀው ሁሉ ፍትሐዊ፣ ምክንያታዊና አድልዎ በሌለበት ዋጋ ላይሰንስ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ፍራንድ የሚባለው ግዴታ ይህ ነው። ስንት ብር ነው ፍትሐዊ? እሱን ማንም አልጻፈውም። ጭቅጭቁ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ቅደም ተከተሉንም ልብ በል። ስልክ አምራቹ መጀመሪያ ይሠራል፣ ይሸጣል፣ ገንዘቡን ይሰበስባል። ስለ ላይሰንስ በቁምነገር የሚያወራው ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ነው። ተከራዩ ቤት ውስጥ ገብቶ እየኖረ "ለመሆኑ ቤቱ ያንተ ነው?" ብሎ የሚከራከርበት ኪራይ በለው። ማስወጣት የሚቻለው በፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ ያውም ሁሉም ፍርድ ቤት አያስወጣም።

የተለጠፈ ዋጋማ አለ። ኤሪክሰን በ2017 ለአንድ 5ጂ ስልክ እንደ ስልኩ ዓይነት ከ2.50 እስከ 5 ዶላር እጠይቃለሁ አለ። ኖኪያ በ2018 ከ3 ዩሮ አላልፍም አለ። ሁዋዌ በ2021 ጣሪያዬ 2.50 ዶላር ነው አለ። ኳልኮም በመቶኛ ነው የሚያስከፍለው። ደረጃው ውስጥ ለገቡት ፓተንቶቹ ከ5ጂ ስልክ ዋጋ 3.25 በመቶ ይጠይቃል፣ ስልኩ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ግን ከ400 ዶላር በላይ ያለውን አይቆጥርም፣ ስለዚህ ከ13 ዶላር አይዘልም። እነዚህ ሁሉ መደራደሪያ መነሻዎች ናቸው። ትልልቆቹ ገዢዎች በር ተዘግቶ የሚስማሙት ከዚህ ባነሰ ነው። "ይህን ያህል ሚሊዮን ስልክ ሲባዛ በተለጠፈው ዋጋ" ብሎ የወደፊት ገቢ የሚያሰላ ሰው ካየህ ሽሽ።

የእውነተኛው ዋጋ ፍንጭ የሚገኘው ዳኛ ሲጽፈው ነው። ላይሰንስ ሰጪው ኢንተርዲጂታልና ስልክ አምራቹ ሌኖቮ ለንደን ላይ ሲከራከሩ ኢንተርዲጂታል ለአንድ ስልክ 49.8 የአሜሪካ ሳንቲም ፈለገ፣ ሌኖቮ 16 ሳንቲም አቀረበ። በመጋቢት 2023 ዳኛው 17.5 ሳንቲም ብሎ ቆረጠ። ድምሩ 138.7 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ዜናው "ሌኖቮ እንዲከፍል ተፈረደበት" ነበር፣ ያ እውነት ነው። ግን ቁጥሩን አየው፣ ከጠያቂው ይልቅ ለከፋዩ ስንት እጥፍ ይቀርባል! በሐምሌ 2024 ይግባኝ ሰሚው ወደ 22.5 ሳንቲም ከፍ አደረገውና ክፍያው 178.3 ሚሊዮን፣ ከነወለዱ 240.2 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ጥሩ ገንዘብ ነው። ሆኖም 49.8ን ይዞ አክሲዮን የገዛ ሰው የጠበቀው ይህንን አልነበረም። ክሱ የተጀመረውም በ2019 ነው።

አሁን ወደ ፒኢው እንምጣ፣ ጥያቄህ ላይ ዋናው እሱ ስለሆነ።

ለዓመታት ሳይከፍል ሲጠቀም የኖረ አምራች አንድ ቀን ሲፈርም፣ ያለፉት ዓመታት ዕዳ በአንድ ጊዜ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። ለምሳሌ አራት ዓመት የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ይወርዳል። ገቢው ያብጣል፣ ወጪው ያው ስለሆነ ትርፉ ከዚያ በላይ ያብጣል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ገንዘብ የለም። ፒኢን ያሰላኸው ባበጠው ትርፍ ከሆነ አክሲዮኑ ርካሽ ቢመስልህ አይገርምም፣ የሌለ ትርፍ ላይ ነው ያካፈልከው።

ኢንተርዲጂታልን እንደ ማሳያ ውሰደው። ይህ ኩባንያ ከሞላ ጎደል በላይሰንስ ብቻ የሚተዳደር ነው። ገቢው በ2022 ወደ 458 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2023 ወደ 550 ሚሊዮን፣ በ2024 ወደ 869 ሚሊዮን ሆነ። እነዚህን ሦስት ነጥቦች በመስመር አያይዘህ ብትቀጥል ሰማይ ትነካለህ። ኩባንያው ራሱ ግን ሌላ ቁጥር አብሮ ያወጣል፦ ከተፈረሙ ውሎች በየዓመቱ ተደጋግሞ የሚገባው ገንዘብ። በ2025 አጋማሽ፣ ከሳምሰንግ ጋር የነበረው የግልግል ውሳኔ ከወጣ በኋላ፣ እሱ 553 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ያኔ ለኩባንያው ከፍተኛ ቁጥር ነበር። ያም ሆኖ ከ869ኙ ጋር አስተያየው። መሸጫ ዋጋውን ለየትኛው ቁጥር ነው የምታካፍለው? መልስህ እዚህ አለ።

ትናንሽ ኩባንያዎች ላይ ብቻ የሚታይ እንዳይመስልህ። የኖኪያ የላይሰንስ ክፍል በ2023 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ አስገባ፣ በ2024 ደግሞ 1.9 ቢሊዮን ገደማ። ኖኪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አዲስ ነገር ፈልስፎ አይደለም። በ2024 መጀመሪያ ከስልክ አምራቾቹ ከኦፖና ከቪቮ ጋር ተፈራረመ፣ ውዝፉ ገባ። በየዓመቱ የሚደጋገመው በመሃል 1.4 ቢሊዮን አካባቢ ነው። ልምድ ያለው ተንታኝ ሁለቱንም ጫፍ ትቶ መሃሉን ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ አያያዝ ወጥመድ ልጨምር። ከ2018 ወዲህ ሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ የገቢ አመዘጋገብ ደንብ መሠረት፣ በቁርጥ ዋጋ የተፈረመ አንዳንድ ውል ገና በፊርማው ቀን አብዛኛው ገቢው ሊመዘገብ ይችላል፣ ጥሬ ገንዘቡ ግን በየዓመቱ እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው። የተገላቢጦሹም አለ፣ ገንዘቡ ቀድሞ ይገባና ገቢው ቀስ እያለ ይመዘገባል። ስለዚህ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ብቻ አይተህ አትመን። የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ለበርካታ ዓመታት ደምረህ በዓመት አካፍለው። ሰነፍ ዘዴ ነው፣ ግን ከፒኢ ይሻላል።

ኩባንያዎቹ ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ባለሀብትም አንድ ዓይነት ዓይን የለውም። ኤሪክሰንና ኖኪያ ኔትወርክ ሻጮች ናቸው፣ ላይሰንሱ ከጎን የሚገባ ወፍራም ትርፍ ነው። ኳልኮም ቺፕ ይሸጣል፣ በ2024 በጀት ዓመቱ ከላይሰንስ ያገኘው 5.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከጠቅላላ ገቢው ሰባተኛውን ያህል ነው። ግን ከላይሰንሱ መቶ ዶላር ውስጥ ከሰባ በላይ የሚሆነው ከግብር በፊት ትርፍ ነው፣ የቺፑ ሠላሳም አይሞላም። አፕል የራሱን ሞደም (ስልኩን ከኔትወርክ የሚያገናኘውን ቺፕ) መሥራት ሲጀምር ብዙ ሰው "ኳልኮም አለቀለት" አለ። የቺፕ ሽያጩ ይጎዳል፣ እሱ እውነት ነው። ላይሰንሱ ግን ከቺፑ የተለየ ውል ነው። አፕል ሞደሙን ከየትም ያምጣው፣ ደረጃውን እስከተጠቀመ ድረስ ይከፍላል። እኔ ኳልኮም ላይ የማየው የዚያ ውል የጊዜ ገደብ መጋቢት 2027 ላይ መሆኑን ነው። አፕል ያኔ ቺፕ ለማግኘት ሲል ፊት ማየት አይኖርበትም፣ ድርድሩ ከ2019ኙ ይለያል።

እንደ ኢንተርዲጂታል ያለው ግን ሌላ መሸሸጊያ የለውም። ፈራሚ ሲጠፋ የሚደግፈው ሌላ ሽያጭ የለም። ገበያው ቅናሽ የሚያደርግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ ቅናሹም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍርድ ቤቱ ጋ ደረስን። "ካሸነፈ ይተኮሳል?" ላልከው፣ አንዳንዴ ለአንድ ቀን አዎ። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ፓርከርቪዥን የሚባል ትንሽ ኩባንያ ኳልኮምን ፍሎሪዳ ላይ ከሰሰ። በጥቅምት 2013 ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ፓርከርቪዥን አሸንፏል ብሎ 172.7 ሚሊዮን ዶላር ወሰነለት። በሰኔ 2014 ዳኛው የጁሪውን ውሳኔ ሻረው፣ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። በ2015 ይግባኝ ሰሚውም መሻሩን አጸና። አሸንፈናል ብለው የገዙ ሰዎች ያሸነፉት ወረቀት ላይ ነበር።

ፓተንት ያዡ ኦፕቲስ ከአፕል ጋር ያለውን ክርክር ደግሞ እይ። ኦፕቲስ በገበያ ላይ አክሲዮን የለውም፣ ለማስተማሪያነት ግን እሱን የሚያህል የለም። ቴክሳስ ላይ ጁሪ በ2020 506 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት፣ የካሳው መጠን እንደገና ይታይ ተባለና በ2021 300 ሚሊዮን ሆነ፣ በነሐሴ 2025 ይግባኝ ሰሚው የጥሰቱንም የካሳውንም ውሳኔ ጥሎ እንደገና ይታይ አለ። ለንደን ላይ ደግሞ ለዓለም አቀፍ ላይሰንስ የመጀመሪያው ዳኛ በ2023 56 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አለ፣ በግንቦት 2025 ይግባኝ ሰሚው 502 ሚሊዮን አለ። ያው ሁለት ተከራካሪ፣ ያው ሰነድ፣ ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት! የተማሩ ዳኞች እንዲህ ከተለያዩ አንተና እኔ ከቤታችን ሆነን "የክሱ ዋጋ ይህን ያህል ነው" ብለን ሞዴላችን ውስጥ ብንከት ቀልድ ነው። (የችሎት መዝገብ በየማለዳው እየከፈቱ ዳኛው ለየትኛው ጠበቃ ፊቱን እንዳጠቆረ የሚተነትኑ አክሲዮን ያዦች አሉ። አውቃቸዋለሁ፣ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ገንዘቤን ግን አልሰጣቸውም።)

ዋጋን በእርግጥ የሚያነቃንቀው ስምምነት ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 2019 አፕልና ኳልኮም ታረቁ፣ የኳልኮም አክሲዮን በዚያው ቀን 23 በመቶ ወጣ። ፍርድ አልነበረም፣ ፊርማ ነበር። በወሩ ዳኛ ሉሲ ኮ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በኳልኮም ላይ ባቀረበው ክስ የላይሰንስ አሠራሩን ሕገወጥ አለችው፣ አክሲዮኑ ወደ 11 በመቶ ወረደ። በነሐሴ 2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው። በፍርዱ ደንግጦ የሸጠ ሰው በችኮላ ሸጠ ማለት ነው፤ አፕል የፈረመው ውል ግን በመሃሉ ሁሉ ሥራ ላይ ነበር።

ታዲያ ክስ ለምን አለ? ለማስፈረም። ጉልበቱም እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ በመጋቢት 2006 የብላክቤሪ አምራች አገልግሎቱ እንዳይዘጋበት ፈርቶ ለአንድ ፓተንት ያዥ 612.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ሦስት ወር ሳይሞላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኢቤይ ጉዳይ፣ ፓተንት ስለተጣሰ ብቻ እግድ አይሰጥም፣ ዳኛው ሁኔታውን ይመዝን አለ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ላይ እግድ ማግኘት ከባድ ነው። ጀርመን ግን ሌላ ነው። ኖኪያ ማንሃይምና ሙኒክ ላይ እግድ አገኘ፣ ኦፖ በ2022 ክረምት ጀርመን ውስጥ ስልክ መሸጥ አቆመ፣ በጥር 2024 ፈረመ። እንግሊዝ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2020 በፓተንት ያዡ አንዋየርድ ፕላኔት ጉዳይ ስላጸናላቸው ዳኞቿ የዓለምን ዋጋ ይቆርጣሉ። የቻይና ፍርድ ቤቶችም እኛም እንቆርጣለን ብለው ገብተውበታል፣ የሚቆርጡት ግን ወደታች ያዘነበለ ነው ይባላል። ስለዚህ "ክስ አለው" ከማለትህ በፊት የት ነው የተከሰሰው በል። ጀርመን ያለ እግድና ቴክሳስ ያለ የጁሪ ቁጥር አንድ አይደሉም። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ሌላ ደጋግሞ የሚያሳስት ነገር የፓተንት ብዛት ነው። የከሰረው የቴሌኮም ኩባንያ ኖርቴል በ2011 6,000 ያህል ፓተንቶቹን እነ አፕልና ማይክሮሶፍት ላሉበት ቡድን በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ፣ ለአንዱ 750 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። ያኔ ሁሉም ካልኩሌተር ያዘ። ኢንተርዲጂታልም ራሱን ለሽያጭ ሊያቀርብ እያሰበ መሆኑን በዚያው ዓመት ሐምሌ ሲያስታውቅ አክሲዮኑ በረረ። ጉግል በ12.5 ቢሊዮን ሞቶሮላ ሞቢሊቲን ለመግዛት ሲስማማ ደግሞ እሳቱ ተቀጣጠለ። በጥር 2012 ኢንተርዲጂታል ገዢ ሳይገኝ ቀረ፣ አክሲዮኑም ወረደ። በሰኔ 1,700 ያህል ፓተንት ለኢንቴል በ375 ሚሊዮን ሸጠ። አካፍለው፣ ለአንዱ 220 ሺህ ገደማ ነው። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ! ኮዳክም ሁለት ቢሊዮን ያወጣል የተባለውን የፎቶ ፓተንት በ527 ሚሊዮን ነው የሸጠው። ብዛት ዋጋ አይነግርህም። ለደረጃው አስፈላጊ ናቸው ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥም ምዝገባው ራስን በራስ ማስታወቅ ስለሆነ በትክክል አስፈላጊ የሆኑት ከዝርዝሩ በጣም ያንሳሉ።

ፓተንት ደግሞ ያረጃል። ከማመልከቻው ቀን 20 ዓመት ነው። የ3ጂ ፓተንቶች አብዛኞቹ አልቀዋል፣ የ4ጂዎቹም እየተራመዱ ነው። ራሱ የሚመራመር ኩባንያ በየዓመቱ አዲስ እየጨመረ ይሄዳል፣ የሌላውን ገዝቶ የሚከስ ግን የገዛው ሲያልቅ ያበቃለታል። "ትሮል (ምንም ሳይሠራ በክስ ብቻ የሚኖር) ነው፣ አይደለም" የሚለው ስድብ ለባለሀብት ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው፣ ይህ ኩባንያ 6ጂ ስብሰባ ላይ የሚቀመጥ መሐንዲስ አለው ወይ የሚለው ነው።

ተቆጣጣሪዎችንም ባጭሩ። ቻይና በ2015 ኳልኮምን 975 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀጣች፣ ከቅጣቱ የከፋው ግን እዚያ ለሚሸጡ ስልኮች ሮያልቲው (የላይሰንስ ክፍያው) ከስልኩ ዋጋ 65 በመቶ ላይ ብቻ እንዲሰላ መደረጉ ነው። ቅጣት አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፣ ስሌቱ ሲቀየር ግን በየሩብ ዓመቱ ይከተልሃል። አውሮፓ በ2023 ያረቀቀችውን የፓተንት ደንብ በ2025 መጀመሪያ ስትተወው ላይሰንስ ሰጪዎቹ ተንፍሰዋል።

እንግዲህ አንተ የያዝከው ኩባንያ ላይ ምን ታደርጋለህ? ዓመታዊ ሪፖርቱን ክፈትና ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ የሚከፍሉ ደንበኞች የሚለውን ሰንጠረዥ ፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ስሞች ናቸው። የእያንዳንዱን ውል ማብቂያ ጻፍ። በኢንተርዲጂታል ብታደርገው አፕል መስከረም 2029 ያልቃል። ሳምሰንግ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ዋጋውን ለግልግል ዳኞች ትተው በሐምሌ 2025 ለስምንት ዓመት 1.05 ቢሊዮን ዶላር ተቆርጦ 2030 መጨረሻ ላይ ያልቃል። ሁለቱ ትልልቆች በአንድ ዓመት ከሩብ ልዩነት ውስጥ ለድርድር ይመጣሉ ማለት ነው። እስከዚያ ያለው ገንዘብ ደህና ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እኔ ቀንሼ ነው የምገምተው።

ከዚያ የየውሉን ገቢ እስከ ማብቂያው ድረስ ብቻ ቁጠር፣ እድሳቱን ከአሁኑ ባነሰ ዋጋ አስገባ፣ ያልፈረሙትን በሙሉ ዜሮ አድርግ። የጠበቃ ወጪውንም አትርሳ፣ ክስ በበዛበት ዓመት በአሥር ሚሊዮኖች ነው የሚሄደው። የወጣልህን ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር አስተያይ። ዋጋው ከዚያ ካነሰ ክሱን በነጻ ነው የምታገኘው፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም እንቅልፍ አያሳጣህም። ዋጋው ከዚያ በላይ ከሆነ የከፈልከው ገና ላልፈረመ ሰው ነው፣ ያኔ በየችሎቱ ቀን ልብህ ይመታል። እኔ ብሆን በሁለተኛው አልገባም፣ የሚገቡ ግን አሉ፣ የሚያገኙም አሉ።

ዜናው "አሸነፈ" ሲል በዚያው ቀን አትግዛ። ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ለአንድ ስልክ ስንት ሳንቲም ነው የተቆረጠው፣ ከተጠየቀው ምን ያህል ይርቃል፣ ይግባኙ መቼ ይሰማል። የውል ማብቂያዎቹን ካወጣህ በኋላ ቁጥሮቹን ብትለጥፋቸው አብረን እናየዋለን፣ የኩባንያውን ስም ባትጠቅስም ግድ የለም።